ጽዋዋ ፈረንጆቹ ቤት የከረመችበት ወር

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ሮብ ገበያ ዋልን። አርቪድ ከከተማዋ በላይ ያለውን ምንጭ ሊያይ፣ ማርታ ገበያውን ልታይ፣ እኔ ለሁለቱም አስተርጓሚ።

የምንጩ ቧንቧ እንደገና ተሰብሯል። "ከብት ረገጠው" አሉ ገበሬዎቹ። ከብት በድንጋይ አይመታም... ስብራቱን አይቻለሁ። የላይና የታች ጎጥ በውሃው ከተጣሉ ቆይተዋል። ግን "ከብት ነው" ብዬ ተረጎምሁ። አርቪድ ተንበርክኮ ጠገነው። ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። ሲነሳ ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁ።

ገብስ የምትሸጥ ሴት የማርታን ጸጉር ነካ አድርጋ፣ "ይሄ ሽበት ነው ወይስ ሲፈጠርም እንዲህ ነው?" አለች። ዙሪያዋ ያሉት ሴቶች ሳቁ። ማርታ "ምን አለች?" ስትለኝ "ጸጉርሽ ያምራል አለች" አልኋት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነች። የባሰ ሳቁ።

አርቪድና ማርታ ከመንገድ ዳር ያለውን ቤታችንን ከተከራዩ ሦስት ወር ሆናቸው። እኔ፣ ባለቤቴ የብርጓልና እናቴ ከኋላ ወዳለው ገባን። አገራቸው ኖርዌይ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው ጡረተኞችን እየመረጠ ለዓመት ከመንፈቅ ይልካል። እሱ የውሃ መሐንዲስ ነበር፣ እሷ ነርስ። ወረቀታቸው ላይ "ሚሲዮናውያን" ይላል። ለጎረቤት ግን "የውሃ ሰዎች ናቸው" እላለሁ። ውሸት ነው? ውሎው ውሃ ላይ አይደል...

አርቪድ "አንተ በለኝ" ካለኝ ወዲህ አንተ እለዋለሁ። ገና አፌ ላይ አልተመቸኝም።

ወደ ማምሻው ሁለቱ እንደ ልማዳቸው እጅ ለእጅ ተያይዘው በአስፋልቱ ቁልቁል ሄዱ። የብርጓል በበሩ አየቻቸው። "በዚህ ዕድሜያቸው! አንተ ገበያ ስንሄድ አሥር እርምጃ ቀድመኸኝ ነው" አለች።


ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ቅዳሜ የጉብኝት ቀን ነው። መርጡለ ማርያም። ሳይነጋ ተነሳን፤ ስንመለስ መሽቷል። ወገቤ የለም።

አርቪድ የድሮውን ግንብ ድንጋይ በድንጋይ ፎቶ አነሳው። "ይህን የጠረበ ሰው ስንት ዓመት ፈጀበት?" አለ። የሚያውቅ የለም። ማርታ ጫማዋን አውልቃ በቀዝቃዛው ሣር ላይ ቆማ ቀረች። ታለቅስ ነበር መሰለኝ። አልጠየቅኋትም።

አንድ ቄስ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"ከየት ናቸው?"

"ከኖርዌይ።"

"ሃይማኖታቸውስ?"

"ክርስቲያኖች ናቸው፣ አባቴ።"

"የኛ?"

"...ማርያምን ይወዳሉ።"

ቄሱ አዩኝ። ከዚያ መስቀላቸውን አወጡ። አርቪድ እንዳስተማርሁት ጎንበስ ብሎ ተሳለመ። መጀመሪያ ቀን ያስተማርኋቸው ይህንኑ ነው፦ የሰጧችሁን ሁሉ በሁለት እጅ ተቀበሉ፤ መመለስ ነውር ነው። ጥሩ ተማሪዎች ናቸው።

በመኪና አርቪድ "ቄሱ ምን ጠየቀህ?" አለኝ። "ስለ መንገዱ" አልሁት።

ሃያ ስምንት ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር የተማሪ ትርጉም ላይ ቀይ እስክሪብቶ አልሳሳም ነበር። አሁን የኔን ማን ያርመው?


ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

የእናቴ የጀርባዋ ቁስል እየደረቀ ነው። ማርታ በየጠዋቱ መጥታ ታገላብጣታለች፣ ታጥባታለች፣ በፋሻ ትሸፍናታለች። እናቴ ከመነኮሰች አሥር ዓመቷ። ከአልጋ ከዋለች አምስት ወር። በመጀመሪያው ቀን "ማን ነው ስምሽ?" ብላ "ማርታ" ስትላት፣ "ይችስ የኛው ናት" ብላ ጀርባዋን ሰጠቻት።

ጎረቤት ያወራል። የማኅበራችን ሙሴ፣ ማለት ሰብሳቢው፣ ጋሽ ቢተው ለየብርጓል "እማሆይን በመጨረሻቸው ሃይማኖት ሊያስቀይሯቸው ነው" ብሏል አሉ። የብርጓል ለእናቴ ነገረቻት። እናቴ ምን አለች? "እሱ መጥቶ ጀርባዬን ያጥባል?"


ጥቅምት 18

የፊታችን ዓርብ የማርያም ማኅበር እኛ ቤት ነው። ጠላው ተጠንስሷል። እናቴ "ፈረንጆቹ ይጠሩ" አለች። "በግቢዬ እየኖሩ ዳቦዬን ሳይቀምሱ?" የኔታ ዘመንፈስቅዱስን ጠየቅኋቸው። የማኅበሩ አባት እሳቸው ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ፣ ዓይናቸው ደክሟል። "እንግዳ እንግዳ ነው፤ ተቀምጦ ይብላ" አሉ። ቢተው ሲሰማ ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ። ሳይከራከር መውጣቱ ጥሩ አይደለም።


ጥቅምት 21፣ ዓርብ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ዓርብ ስለሆነ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ተሰበሰቡ። አሥራ ሁለቱም ቤተሰብ። አርባ ዓመት የእናቴ በሆነው ቦታ እኔ ተቀመጥሁ። አልጋዋ እዚያው ክፍል፣ ከግድግዳው ጋር። አርቪድና ማርታን ከየኔታ አጠገብ አስቀመጥናቸው፤ ክብር ነው ብዬ እኔ ነኝ የመረጥሁት። ጸሎት ደረሰ። ዳቦው ተቆረሰ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጠላው... ሁሉም ደህና ነበር። ማኅበርተኛችን ሸጊቱ እንኳ፣ ያ ምላሷ፣ ለማርታ እያጎረሰች "አፍሽን ክፈቺ እንጂ፣ ወፍ ናት እንዴ!" ትል ነበር።

ከዚያ የኔታ ጽዋዋን አነሱ። ትንሽ የሸክላ ዋንጫ ናት፤ በሙዳይ ተቀምጣ በቀይ ጨርቅ ትሸፈናለች። የሚቀጥለው ወር ደጋሽ ተነስቶ በሁለት እጁ ይቀበላታል፤ ሴቶች እልል ይላሉ፤ እሱ ቤት ትከርማለች። አዲስ ሰው ማኅበር ሲገባም እንዲሁ ነው። ጽዋዋን ያነሳ ገባ። ሌላ ፊርማ የለም።

ተራው የሸጊቱ ነበር። ጉልበቷን ያማታል፤ ግድግዳውን ይዛ ቀስ እያለች ስትነሳ አርቪድ ብድግ አለ። ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ፣ ጽዋዋን ተቀበለ። የኔታ እጅ ሲነካቸው ለቀቁ።

እናቴ ከአልጋዋ እልል አለች። ዓይኗ ጣራው ላይ ነበር፤ ማን እንደተቀበለ አላየችም። ሁለት ሦስት ሴቶች ተቀበሏት። ከዚያ እልልታው አፋቸው ላይ ደረቀ።

"ኧረ በማርያም!" ቢተው ተነሳ።

ሸጊቱ ግማሽ ቆማ፣ "እኔስ? ልቀመጥ ወይስ ልቁም?"

የሳቀ የለም።

"የኔታ፣ ይቀበሉት እንጂ! እሱኮ የኛ አይደለም!" አለ ቢተው።

የኔታ ባዶ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። "አዎ፣ የኛ አይደለም። ጽዋ ግን ወደ ኋላ አትመለስም። ተመካክረን እንነግራችኋለን።"

ሰው ጠላውን ሳይጨርስ ወጣ። አርቪድ ሙዳዩን ታቅፎ እየሳቀ ወደ ቤቱ ገባ። አሁን ማቀዝቀዣቸው ላይ ተቀምጣለች፤ በመስኮቱ ትታየኛለች።

ለምን ተነሳ? ማን ተነስ አለው? እኔ እንጃ...


ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ጉብኝት ቀረ። ማርታ የምግብ ዝርዝር እየጻፈች ነው። አርቪድ "ይህ ምን ማለት ነው?" አለኝ። "የኅዳር ማርያምን ድግስ እናንተ ታዘጋጃላችሁ ማለት ነው።" ተቃቀፉ። ማርታ "ጾም ነው? ያለ ቅቤ? በዘይት ዳቦ እጋግራለሁ!" አለች።

ስለ ቁጣው አልነገርኋቸውም። ነገ እነግራቸዋለሁ።


ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

አልነገርኋቸውም።

ቢተው መጣ። ቆሞ አወራኝ፤ ወንበር አልተቀበለም።

"ይህ ሰው አስቦበት ነው ያደረገው። ማኅበር ሊበትን።"

"ባለማወቅ ነው፣ ጋሽ ቢተው።"

"ባለማወቅ? ዓለምን የዞረ ሰው? ማን ተነስ አለው ታዲያ?"

"እኔ እንጃ።"

"አንተ አልነገርኸውም?"

"ማርያምን አልነገርሁትም።"

በማርያም ስም። አንደበቴን ሳላስገድደው ወጣ።

ቢተው ክፉ ሰው አይደለም። አባቴን የቀበረ እሱ ነው፤ ቃሬዛውን ከፊት ይዞ ከዚህ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ትከሻ አልቀየረም። ሲወጣ በሩ ላይ ቆመ። "ጽዋዋ እዚያ ከከረመች ማኅበሩ ለሁለት ይከፈላል። የዚህን ቤት ስም ከመዝገብ ይፋቅ የሚሉ አሉ። ያኔ እማሆይን ማን ይሸከማቸዋል?"

አልጋዋ ከመጋረጃው ጀርባ ነው። ሰምታለች።

እናቴ ከዚህ ዓለም የቀራት አንድ ምኞት ነው። ማኅበሯ እንዲሸከማት። አርባ ዓመት ዳቦ የጋገረችው፣ የሌሎችን ሬሳ ያጠበችው ለዚህ ነው። በኪራይ መኪና ወይም በዘመድ ትከሻ አይደለም። በማኅበሯ።


ጥቅምት 27

ማርታ ዳቦ ልትገዛ ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች። "አለቀ አሉኝ፤ ግን መደርደሪያው ላይ አየሁት" አለች። "የተያዘ ይሆናል፤ ሰው ከፍሎበት" አልኋት። አመነችኝ። እንዴት ቶሎ ታምናለች!


ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ጮቄ። አርቪድ የወንዞቹን መነሻ አሳየኝ ሲለኝ ከርሟል። ጉም ነበር፤ ከነፋሱ ጋር ይመጣል ይሄዳል። ረጃጅሙ የጅባራ ተክል ከጉሙ ውስጥ እንደ ቆመ ሰው ብቅ እያለ። ማርታ ከመኪናው አልወጣችም፤ በርዷታል። እኔና እሱ ትንሽ ወጣን። ትንፋሽ አጠረው፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

"ሙላት፣ ሰዎቹ ተቆጥተውኛል?"

"ማን ነገረህ?"

"የሚነግረኝ የለም። ለዚህ ነው የምጠይቅህ።"

ነገርሁት። ጽዋዋ ምን እንደሆነች፣ ተራው የማን እንደነበር፣ ስለ መዝገቡ፣ ስለ እናቴ። ሁሉንም። አንዷን ብቻ አስቀረሁ።

መሬት መሬት እያየ ሰማኝ። ከዚያ፣ "ያን ቀን ሽማግሌው ሲዘረጉልኝ ምን ላድርግ ብዬ ወደ አንተ አይቼ ነበር። በራስህ አዎ አልኸኝ። አይደል?"

"አላስታውስም" አልሁ።

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወንዙ በየት በኩል እንደሚወርድ ጠየቀኝ። በእጄ አሳየሁት። በጉሙ ምክንያት የሚታይ ነገር አልነበረም።


ጥቅምት 30

ብያለሁ። በራሴ አዎ ብየዋለሁ።

እዚህ ደብተር ላይ "እኔ እንጃ" ብዬ ጻፍሁ። ለራሴ ደብተር! ማን እንዲያነበው ነው የዋሸሁት?

እንዲህ ነው የሆነው። የኔታ ጽዋዋን ሲያነሱ እኔ እንግዶቹን እያየሁ ነበር። ፈረንጆች በኔ ቤት፣ በኔ ምርጫ፣ ከየኔታ አጠገብ፣ ሁሉ ሰው እያየ... ደስ ብሎኝ ነበር። አርቪድ ዞሮ በዓይኑ ጠየቀኝ። ምን እንደጠየቀኝ እንኳ ሳላስብ በራሴ አዎ አልሁት። እንደ ሁልጊዜው፦ ሁሉን ተቀበል፣ አትመልስ። ቀሪው በሰከንድ አለቀ።

ስሕተት ነበረ። ያን ጊዜ ብናገር ስሕተት ሆኖ ይቀር ነበር። "እኔ ነኝ፣ ይቅርታ" ብል ቢተው ይሰድበኝ ነበር፣ ሸጊቱ ትስቅብኝ ነበር፣ አለቀ። አሁን ግን በማርያም ስም ምያለሁ። አሁንስ ምን ይባላል?


ኅዳር 3፣ ረቡዕ

እናቴ መብላት ቀንሳለች። ማርታ በማንኪያ ውሃ ትሰጣታለች። እኔ ስሰጣት አፏን ትዘጋለች።

ዛሬ ብቻችንን ስንሆን፣ "ያ ሽማግሌ" አለች፣ "ከመጣ ወዲህ ሳይጠይቅ ውሃ እንኳ አይጠጣም። እንዴት ዝም ብሎ ተነሳ?"

ትራሷን አስተካከልሁ።

"ማን አስነሳው?"

"ተኚ እማ።"

"እኔ ብተኛ አንተ ትተኛለህ?" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።


ኅዳር 7፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ቢተው ቤት ተመካከሩ። እኔን አልጠሩኝም። ውሳኔውን ሸጊቱ ይዛልኝ መጣች። "ፈረንጁ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ጽዋዋን ይመልስ። ያኔ መዝገባችሁ አይነካም።" የኔታ ጽዋ መመለስ የሚለውን አልወደዱም አለች፤ ግን የቢተው ወገን በዛ። የፊታችን እሑድ።

"ድንጋይ?" አልኋት። "በሰባ ሦስት ዓመቱ?"

"እኔን አትየኝ። እኔ የተቀማሁት ነኝ፤ ማንም አልጠየቀኝ። ድግሱ ሲቀርልኝ ጉልበቴ እንዴት ደስ እንዳለው ብታውቅ!"

ስትወጣ ግን፣ "አንተ ሙላት፣ ያን ቀን ፊት ለፊትህ ነበር የተቀመጥሁ" አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።


ኅዳር 9

ለአርቪድ ነገርሁት። አላወላወለም። "የበደለ ሰው እዚህ የሚያደርገው ይህንን ነው?" "አዎ። ድንጋዩን በማጅራቱ ይዞ፣ የተበደለው አውርድ እስኪለው ይቆማል።" "እና አውርድ ካላለው?" "ይላል።" "እናትህን ማኅበሩ እንዲሸከማት ይሄ ይበቃል?" "ይበቃል።" "እሺ።"

ማርታ ጆሮዋን ጥላ ነበር። "ሙላት፣ ጥፋቱ በትክክል ምንድን ነው?"

"ባህል ነው፣ ማርታ። ለማስረዳት ይከብዳል።"

ለማስረዳት ይከብዳል! በሁለት ቋንቋ ደመወዝ የምበላ ሰው።

ከሰዓት በኋላ በመስኮት አየሁት። ከአጥሩ ሥር ድንጋይ እየመረጠ። አንዱን አነሳ፣ መዘነው፣ አስቀመጠው። ትልቁን መረጠ።


ኅዳር 12

ሦስት ጊዜ ወደ ቢተው ቤት ተነሳሁ። አንድ ጊዜ በሩ ድረስ ደረስሁ። ውሻው ጮኸብኝ፤ ተመለስሁ። ውሻውን ምክንያት አደረግሁት።


ኅዳር 14፣ እሑድ

ቢተው ግቢ። አሥራ አንዱ በረንዳው ላይ፣ የኔታ መሐል ላይ። እኔ ከአርቪድ ጎን፣ በአስተርጓሚነት።

ከውጭው በር ላይ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አደረገ። ማርታ ባርኔጣውን ተቀበለችው። ጎንበስ ብሎ ገባ። ግቢው ረጅም ነው። ጆሮው ሲቀላ፣ አንገቱ ላይ ያለው ቆዳ ከድንጋዩ ሥር ሲታጠፍ አያለሁ። አብሬው እራመዳለሁ። እጄ ባዶ ነው።

በረንዳው ሥር ቆመ። ያስጠናሁትን በአማርኛ አለ፦ "አጥፍቻለሁ። ስለ ማርያም ይቅር በሉኝ።" ያስጠናሁት እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ በል ያልሁት።

ቢተው አውርድ አላለም። ተቀምጦ ያየዋል። ማሰቃየቱ አልመሰለኝም... ራሱም ምን እንደሚል የጠፋው ይመስላል። አንዲት ዶሮ በመካከል አለፈች። የአርቪድ ግራ ጉልበት ታጠፈ። አንድ እግሩ መሬት ነካ። ማርታ በቋንቋዋ አንድ ነገር ጮኸች።

ያኔ ነው የተናገርሁት። ያኔ! ከበሩ እስከ በረንዳው ድረስ ተሸክሞ፣ ከወደቀ በኋላ።

"እኔ ነኝ። ተነስቶ ይቀበል እንደሆነ በዓይኑ ጠይቆኝ በራሴ አዎ ያልሁት እኔ ነኝ። ለጋሽ ቢተውም የማልሁት በሐሰት ነው።"

ቢተው ተስፈንጥሮ ወርዶ ድንጋዩን ከአንገቱ ላይ በገዛ እጁ አነሳ። ወደ እኔ ሲዞር በድንጋዩ የሚመታኝ መስሎኝ ነበር። መሬት ጣለው።

ሸጊቱ ከላይ ሆና፣ "እና ይህን ለመናገር ሽማግሌ እስኪወድቅ ትጠብቃለህ?"

የኔታ እጃቸውን አነሱ። ለኔ አይደለም የተናገሩት፤ ለማኅበሩ ነው። "ጽዋ ወደ ኋላ አትመለስም ብያለሁ። ወደ ፊት ትሂድ። እንግዳው ራሱ ተሸክሞ ለባለ ተራዋ ለሸጊቱ ያድርሳት። የእማሆይ ቦታ የእማሆይ ነው፤ ማንም አይፍቀው። ከሳቸው በኋላ ለየብርጓል ይሁን። ሙላት ሦስት ዓመት በር ላይ ይቁም። እጅ ያስታጥብ። ጽዋ አይንካ።"

ለአርቪድ በእንግሊዝኛ ተረጎምሁለት። ምንም ሳላስቀር። የመጀመሪያዬ ነው።

አንገቱን እያሻሸ ሰማኝ። "ጮቄ ላይ ነግሬህ ነበር" አለኝ።

"ታዲያ ለምን ተሸከምህ?"

"ለእናትህ ብዬ።"

ማርታ ባርኔጣውን ራሱ ላይ አድርጋ ክንዱን ይዛ ወሰደችው። እኔን አላየችም።


ኅዳር 15፣ ሰኞ

ጾም ገባ። ለእናቴ ነገርኋት። ዓይኗን ሳትከፍት፣ "ልክህን ነው የሰጡህ" አለች። ትንሽ ቆይታ፣ "እሱ አንገቱን ዳነ?"

ማርታ እንደ ወትሮዋ መጣች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት፣ "እኔ የምመጣው ለእናትህ ነው" አለችና ፋሻውን መፍታት ጀመረች። ውሃውን ያዝሁላት። አልከለከለችኝም፤ አላመሰገነችኝምም።

አርቪድ ጽዋዋን ትናንት ማታ ለሸጊቱ አድርሷል። ሌላ አስተርጓሚም ቀጥሯል። መቅዲ የምትባል፣ ከዩኒቨርሲቲው የተመረቀች። ራሱ መጥቶ ነገረኝ። በጨዋነት። "ኪራዩ እንደነበረ ነው" አለ። ስለ ኪራዩ አልነበረም ያሰብሁት።


ኅዳር 17፣ ረቡዕ

እናቴ ረፋድ ላይ ዐረፈች። እጇ የብርጓል እጅ ውስጥ ነበር።


ኅዳር 18

ትናንትናውኑ ቀበርናት። ቢተው ቃሬዛውን ከፊት ያዘ። ትከሻ አልቀየረም። አሥራ አንዱም ነበሩ።

አርቪድና ማርታ ከኋላ ከኋላ ተከተሉ። ማርታ ነጠላ ለብሳ ነበር፤ ጥለቱን እንደ ዓመት በዓል አውርዳ። የብርጓል ከልቅሶው መሐል ወጥታ ሄዳ ለሐዘን እንደሚለበሰው አዘቀዘቀችላት። ማርታ ያለቀሰችው ያኔ ነው።

እኔ? ልጇ ስለሆንሁ ቦታ ሰጡኝ። ከሬሳው ጎን ሄድሁ። ማንም አልገፋኝ። ማንም አልደገፈኝ።


ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ሰው ለእዝን ይገባል ይወጣል። መቅዲ ከአርቪድ ጋር መጣች። ሰውን ዓይን ዓይኑን አይታ የምታወራ ልጅ ናት። ሮብ ገበያ የሆነውን ነገረችኝ። ገበሬዎቹ "ከብት ነው" ሲሉ፣ "ከብት ነው ይላሉ፤ ስብራቱ ግን የድንጋይ ነው" ብላ ተርጉማለታለች። አርቪድ የሁለቱን ጎጥ ሽማግሎች ምንጩ አጠገብ አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ አከራከራቸው። ውሃውን በተራ ሊወስዱ ተስማምተዋል።

"ለምን እስከ ዛሬ አልተነገረውም?" አለችኝ። ባለማወቅ ነው የጠየቀችኝ።


ኅዳር 21፣ እሑድ

ማኅበሩ ሸጊቱ ቤት ነበር። ሐዘን ላይ ብሆንም የኔታ "ቅጣት በሐዘን አይቀርም" አሉ። ሄድሁ። በር ላይ ቆምሁ። ማስታጠቢያ በግራ፣ ፎጣ በትከሻዬ፣ ማንቆርቆሪያ በቀኝ።

አንድ በአንድ ገቡ። ቢተው እጁን ዘረጋ፤ አፈሰስሁለት። "በርታ" አለ ዝቅ ብሎ። ለሐዘኑ ይሁን ለቅጣቱ አላወቅሁም። የብርጓል እጇን ታጥባ ወደ ውስጥ ገብታ በእናቴ ቦታ ተቀመጠች። ቀና ብላ። በሕይወቴ እንዲያ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም።

ማርታ በዘይት የጋገረችውን ዳቦ ይዛ መጣች። በእንግድነት ነው የመጡት፤ ሸጊቱ ራሷ ጠርታቸው። አርቪድ ማጅራቱ ላይ የፋሻ ቁራጭ አለ። እጁን ዘረጋልኝ። አፈሰስሁ። "አመሰግናለሁ" አለኝ በአማርኛ። ለማንም እንደሚለው።

ከበሩ ሆኜ ሁሉንም አያለሁ። ጸሎቱ፣ ዳቦው፣ ጠላው። ሸጊቱ አርቪድን ከበር አጠገብ፣ ከየኔታ ርቆ፣ ከራሷ ጎን አስቀምጣዋለች። በመጨረሻ የኔታ ሙዳዩን አነሱ። አርቪድ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዞረ። ወደ በሩ መስሎኝ ራሴን ቀና አደረግሁ።

ወደ ሸጊቱ ነበር። "ምን ላድርግ?" አላት በዚያ በተሰባበረ አማርኛው።

"ቁጭ በል!" አለችው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም። ከቦታው አልተነሳም።

ባለ ተራው ጽዋዋን ተቀበለ። እልል ሲባል የማስታጠቢያውን ውሃ ወደ ውጭ ወስጄ ደፋሁ።